እስከ ክርን

አባቴ ዝናብን የሚለካው በክንዱ ነበር። ዘንቦ ሲያባራ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ ይንበረከክና አፈሩን በጣቶቹ ፈልፈል እያደረገ ክንዱን ወደ ታች ይሰዳል። ከሥር ያለው ደረቅ አፈር ጣቱን ሲያቆመው ይመዝዘውና ጭቃው የት ድረስ እንደደረሰ ያያል። «እስከ አንጓ» ካለ ገና ነው። «እስከ ክርን» ካለ ግን ዘር ይወርዳል፤ እናቴም ለዘር ያኖረችውን ማሽላ ታወጣለች።

የ1977ን ረሃብ ያየ ሰው ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ ሰሚው የሚጠብቀው የኮረምን መጠለያ ነገር ነው። እሱንም እናገራለሁ። ብቻ እኔ ረሃቡን ያየሁት ከኮረም በፊት፣ አባቴ ክንዱን ከአፈሩ ሲያወጣ ነው።

ቤታችን ከቆቦ ከተማ በስተምዕራብ፣ ተራራው አልቆ የራያ ሜዳ ሊጀምር ሲል ባለው ግርጌ ላይ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። በላያችን ዳገት፣ በታቻችን ለጥ ያለ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ የዞብል ተራራ። የሜዳው ሰው ጎርፍ ጠልፎ ነው የሚያርሰው። ከተራራው ደፍርሶ የሚወርደውን የክረምት ጎርፍ በአሸዋ፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ እየገደበ ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ማሳው ሌሊቱን ሲጠጣ ያድራል። ጎርፉ አንድ ሁለቴ በደንብ ከገባ፣ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ቢኮራም ማሽላው እሸት ይደርሳል። ተራ የሚያስከብር የውኃ አባት አላቸው፤ ተራው የደረሰው ሰው ደመና ካየ እንቅልፍ የለውም፣ አካፋውን ይዞ ቦዩ ዳር ያድራል። ሜዳ የሚኖረው አጎቴ ታዲያ እኛ ዘንድ ሲመጣ አባቴን «እናንተ ላኩ፣ እኛ እናርሳለን» እያለ ይቀልድበት ነበር። የምንልከው ውኃውን ብቻ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ጎርፉ ያን ያህል የሚደፈርሰው የእኛን አፈር ይዞ ስለሚወርድ ነው። አባቴም አብሮ ይስቅ ነበር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

በ1976 በልጉ ጭራሽ ቀረ። የእኛ ማሽላ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ነው፤ በሚያዝያ ካልተዘራ በኅዳር አይደርስም። ሐምሌም እንዲሁ ሲያስጎመጅ አለፈ። ነሐሴ መግቢያ ላይ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ዘነበ። በረዶ የቀላቀለ፣ ጠብታው ቆዳ የሚያቃጥል ዝናብ ነበር፤ ለአንድ ሰዓት ያህል አወረደው። እናቴ እልል አለች። እኔና ታናሽ እህቴ ደጅ ወጥተን ተንቦጫረቅን። ሲያባራ አባቴ እንደ ልማዱ ወረደ፣ እኔም ተከተልኩት። ተንበረከከ። ክንዱ እስከ አንጓው እንኳን አልገባም። ሁለት ጣት ከሚሆን ጭቃ በታች ያለው አፈር አመድ ነበር። እጁን እያየ ሳለ ከማሳው ጥግ ካለው ቦረቦር የሚያጓራ ድምፅ ሰማንና ሄደን አየን። ያ ሁሉ ዝናብ እዚያ ነበር። ድንጋይ እያንከባለለ፣ የግራር ግንድ አዝሎ ወደ ሜዳው ይነጉዳል። አባቴ ጠርዙ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። «ዘንቦልን ነበር እኮ» አለ። ሌላ ነገር አላለም።

ረሃቡን ያመጣው ያ ቦረቦር ነው አልልም። ድርቁ ድርቅ ነበር። ጦርነቱ መንገድ ዘግቶ ነበር። መንግሥትም መስከረም 1977 ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሲያከብር የወሎ ሰው አስፋልት ዳር ወድቆ ነበር። ይህን ብዙ ሰው ጽፎታል። እኔ የምመሰክረው በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ያየሁት ደግሞ የመጣችልንን አንዲት ዝናብ መያዝ አቅቶን ስትሄድ ነው።

በመስከረም መጨረሻ በሬዎቹ ተሸጡ። የሁለቱ ዋጋ የአንድ ወር እህል አልገዛም፤ የገዛቸውም ሰው ለሥጋ እንጂ ለእርሻ አልነበረም። ጥቅምት ላይ ቤቱን ዘግተን ወጣን። አባቴ በሩን በሽቦ ጠምጥሞ አሰረው፤ ውስጥ ምን ቀርቶ እንደሆነ እንጃ። አላማጣ የደረስነው በሁለተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወደ ኮረም የሚያወጣው የግራ ካሱ ጠመዝማዛ አለ። ዛሬ በመኪና ስወጣው ከአንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ያኔ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን። አያቴ እኩሌታው ላይ ስትደርስ «እኔ ትንሽ ልረፍ፣ እናንተ ቅደሙ» አለች። አባቴ እኛን አስቀምጦ ሊያመጣት ወረደ። ብቻውን ተመለሰ። እናቴም አልጠየቀችውም።

ኮረም ብርድ ነው። እኛ ቆላ የለመድን፣ በላያችን ያለችውን ልብስ ብቻ ይዘን የወጣን ሰዎች ነን። መጠለያው ሞልቶ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ሜዳው ላይ አደርን። ጎህ ሲቀድ ከየአቅጣጫው የሚሰማ ድምፅ ነበር፤ ልቅሶ እንዳልለው ለማልቀስ ጉልበት ያለው አልነበረም። ካደግሁ በኋላ፣ ሞሐመድ አሚንና ማይክል በርክ በዚያው ጥቅምት ኮረም ላይ ያነሡትን ፊልም አይቻለሁ። ዓለም ያወቀን በዚያ ነው ይላሉ። እኛን ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። ጭጋጉ ግን ያው ጭጋግ ነው።

እህቴ ሦስት ዓመቷ ነበር። ስትሞት ለሕፃናት ከሚታደለው ብስኩት አንዱን በእጇ ጨብጣ ነበር፤ አፏ ቆስሎ መንከስ አቅቷት ነው የያዘችው። እናቴ በምራቋ አርሳ ልታጎርሳት ስትሞክር ነው ያመሸችው። ጠዋት ጣቶቿን ፈልቅቄ ብስኩቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። በላሁት። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም፣ አባቴም አልሰማም። አሁን ሁለቱም ስለሌሉ ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ለሰፈራ መዝጋቢዎች መጡ። የወሎ ሰው ወደ ፓዌ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ወለጋ ይጫን ጀመር። አባቴ ስም ሲጠራ ከሌላ ሰው ድንኳን ገብቶ ተኛ። በ1977 ክረምት መግቢያ ላይ የዘር እህል ተሰጥቶን በእግራችን ተመለስን። በሩ እንደታሰረ ነበር።

«ምግብ ለሥራ» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። ዶማ የያዘ ይቆፍራል፣ ድንጋይ የሚፈነቅል ይፈነቅላል፣ እኛ ልጆች በባሬላ እንሸከማለን። ከበላያችን ያለው ጉብታ ከከብት ተከልሎ ችግኝ ተተከለበት፤ ማሳችን ላይ ደግሞ ሦስት የድንጋይ እርከን ተካበ። የት ይካብ ብሎ አባቴን የጠየቀው የለም። «ይህ እርከን የማን ነው?» ብትሉን «የመንግሥት» እንላችሁ ነበር። በእርግጥም ብዙ አስቸገረን። በሬ ማዞሪያ አሳጣን፤ ከድንጋዩ ሥር አይጥ ተራብቶ እሸቱን ጨረሰብን። ሰው ስንዴውን ይወዳል፣ እርከኑን ይረግማል።

አባቴ ግን ክንዱን ይሰድ ነበር። አንድ ቀን ከዝናብ በኋላ መጣና «ከካቡ ወደ ላይ በኩል ክርኔን አልፎ ገባ፤ መሐል ማሳው ላይ አንጓዬ ላይ ቀረ» አለን። በሚቀጥለው ዓመት ከካቡ ወደ ላይ ያለው ማሽላ ከቀሪው በአንድ ክንድ ይበልጥ ነበር። ያን ከተናገረ በኋላ ካቡ ላይ የወደቀች ድንጋይ ካየ ሳይመልሳት አያልፍም፤ ስንዴ የሚሰፍርለት ባይኖርም። በ1981 በወባ ሞተ።

ግንቦት 1983 መንግሥት ወደቀ። ለጥቂት ሳምንታት የሚያዝም የሚከለክልም አልነበረም። አንድ ጠዋት የመንደሩ ሰው በሙሉ መጥረቢያ ይዞ ወደ ጉብታው ወጣ። እኔም ወጣሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ጉልበት ነበረኝ። አምስት ስድስት ዓመት ያደገውን ዛፍ በአንድ ሳምንት ጨረስነው። ማገዶ ሆነ፣ ማገር ሆነ፣ ለቆቦ ገበያ ሆነ። «የደርግ ዛፍ» ነበር የምንለው፤ ቆራጩ ሁሉ ደርግን የሚቆርጥ ይመስል ነበር።

ያም አልበቃኝም። በ1985 ሳገባ ቤት መሥራት ነበረብኝ፤ ለቤት ድንጋይ ያስፈልጋል፤ የተዘጋጀ ድንጋይ ያለው እርከኑ ላይ ነው። አባቴ ካቡን ሲሠራ ትልልቁን ድንጋይ ከሥር ይጥል ነበርና እኔም ትልልቁን ለመሠረት ፈልጌ ከሥሩ አፈረስኩት። ሦስቱን እርከን በሁለት ሳምንት አጋዝኩ። ቤቱ ጥሩ ቤት ነው፣ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። ውሽንፍር በመጣ ቁጥር ግድግዳዬን አያለሁ፤ አንዳንዱን ድንጋይ አውቀዋለሁ።

ቦረቦሩ የተነሣብኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ያኔ ከደጄ እስከ ጠርዙ 60 እርምጃ ነበር። በየክረምቱ ራሱን ወደ ላይ እየናደ፣ ጎንና ጎኑን እየበላ መጣ። ሰው ቦረቦር የሚሰፋው ላይ ላዩን በሚሄድ ውኃ ይመስለዋል። ጎርፉ ከአፋፉ ወደ ሥሩ ሲወርድ እግሩን ነው የሚቦረቡረው፤ ላዩ ሣር ለብሶ ደህና መስሎ ይቆይና በአንድ ሌሊት ገደሉ ይንሸራተታል። በ1991 ነሐሴ እንደዚያ ያለ ሌሊት መጣ። መሬቱ እንደ ከባድ መኪና ሲንጎዳጎድ ሰማን። ወጥተን ባትሪ ስናበራ የሁለት ጥማድ ማሳዬ እኩሌታ ገደማ የለም። ማሽላው ቆሞ፣ ከነአፈሩ፣ ከነሥሩ ነው የሄደው። ጠርዙ ላይ ታስሮ የነበረው በሬዬ ሥር ወድቆ ያቃስታል፤ እግሩ ተሰብሮ ነበርና ጠዋት አረድነው። ጎህ ሲቀድ ከደጄ ጀምሬ ረገጥኩ፤ 22 እርምጃ።

እንደኛ ላለ ሰው ይህ ከረሃብ የሚከፋበት ነገር አለ። ዝናብ ቢቀር በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል ትላለህ። ማሳ ሲሄድ ወዴት ትላለህ?

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በ1992 ዝናቡ ከዳን፤ እርዳታ ተሰለፍን። ቀጥሎ የውኃ ማቆር ዘመቻ መጣና እያንዳንዱ አባወራ ጉድጓድ ቆፍር ተባለ። የእኔው ያቆረው እንቁራሪትና ቢምቢ ነው፤ ውኃውን መሬቱ ጠጣው። በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል እየተሰፈረልን እንደገና እርከን ጀመርን። ስንዴው በአባቴ ጊዜ የነበረው ያው 3 ኪሎ መሆኑ ሲገርመኝ ይኖራል።

ይህኛውም እርከን በመጀመሪያ ጉድ ሠራን። ከላይ የመጣው ኮታ በኪሎ ሜትር ነው፤ ሪፖርቱም በኪሎ ሜትር። ውኃ ልኩ ተሰብሯል ተባለና በዓይን እየተለካ ተቆፈረ። ዓይን ደግሞ ዳገት ላይ ይዋሻል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በየቦዩ እየተንሸራተተ ዝቅ ወዳለችው አንዲት ነጥብ ተሰበሰበና የላይኛውን እርከን በጠሰ፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ሲወርድ እሱንም፣ እሱም የሚቀጥለውን። እርከን ባይኖር ኖሮ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ ተጠራቅሞ በአንድ በኩል መጣብን። የጎረቤቴን የጤፍ ማሳ እንደ ወለል ጠርጎት ሄደ። ሰውየው ካሣ ሊጠይቅ ቢመላለስ «ዘመቻ ነው» ተባለ። ዘመቻ ማን ይከሰሳል?

በሚቀጥለው ዓመት የተመደበችልን የልማት ሠራተኛ ወጣት ልጅ ነበረች። ስትመጣ ብዙዎቻችን አልሰማናትም፤ እኔ የሰማኋት ስለሸንጎ ንግግሯ ሳይሆን ስለያዘችው ሲባጎ ነው። ሁለት ሜትር የሚሆኑ ሁለት እንጨቶች፣ በመካከላቸው አሥር ሜትር ሲባጎ፣ ሲባጎው መሐል ላይ የተንጠለጠለ ጣት የሚያህል የግንበኛ ውኃ ልክ። አንዱን እንጨት እኔ ያዝኩ።

«አያ፣ እርስዎ ልክ ነው በሚሉበት ይቁሙ» አለችኝ።

ይህን ማሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አርሼዋለሁ። ቆምኩ። ውኃ ልኩ ውስጥ ያለችው አረፋ ወደ አንድ ጥግ ሸሸች።

«ወደ ላይ አንድ እርምጃ… ትንሽ… አሁንም… በቃ!» አረፋዋ መሐል ገባች። ዞሬ ሳይ ከመጀመሪያው ቦታዬ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ወጥቻለሁ። ዓይኔ በአሥር ሜትር ውስጥ ከአንድ ስንዝር በላይ ዋሽቶኝ ነበር። ማብቂያ የሌለው ሳቅ ሳቀችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

እሷ የነገረችኝን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው እነግራለሁ። ዝናብ በሚበዛበት በጎጃም በኩል ውኃው ቀስ ብሎ እንዲወጣ እርከኑ ዘንበል ይደረጋል። እንደኛ ባለ ደረቅ አገር ግን ቦዩ ፍጹም ልክ መሆን አለበት፤ ውስጡም በየጥቂት ሜትሩ አፈር ይቀርና ይዘጋል፤ ውኃው እዚያው ተኝቶ እንዲሰርግ። የእኛ እርከን ውኃ መሸኛ ሳይሆን ማሳደሪያ ነው። ስሌቱንም ደብተሬ ላይ ጻፈችልኝ። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ይህ ማለት አንዲት ደህና ካፊያ፣ በአንድ ጥማድ መሬት ላይ 25 ሺህ ሊትር ውኃ ነው። በጄሪካን 1,250። እናቴ አንዲት ጄሪካን ለመቅዳት ግማሽ ቀን ትሄድ ነበር። አፈሩም እንዲሁ፤ ከአንድ ጥማድ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ቢታጠብ 30 ኩንታል ገደማ ነው። ከዚያ ማሳ 30 ኩንታል እህል አግኝቼ አላውቅም። ከደሴ በታች ማይባር ላይ ጎርፍ በየዝናቡ የሚወስደውን አፈር የሚለካ ጣቢያ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንዳለ የነገረችኝም እሷ ናት። እኔ ካቡን ሳፈርስ እዚያ አንዱ ተቀምጦ ይመዝን ነበር ማለት ነው።

ቦረቦሩን ግን ቶሎ እንድንነካው አልፈቀደችም። እኔ ደጄ ላይ ስለደረሰ መጀመሪያ እሱ ይደፈን እላለሁ፤ እሷ «አያ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል አይጠረግም» ትላለች። ከጉብታው ጀመርን። ጉብታው ከከብት ተከለለ፤ በተቆፈረበት ቦይ ሁሉ ውኃ ያዘ። ቀጥሎ ማሳው፤ በመጨረሻ የቦረቦሩ ራስ፣ ከዚያ ሆዱ ውስጥ ከላይ ወደ ታች የድንጋይ ክትር። የክትሩን መሐል ከጎኖቹ ዝቅ አድርጉት፣ አለዚያ ውኃው በጎን ቆፍሮ ያልፋል፤ ይህን ያልሰማ ሰው ክትር በዓመቱ ደረቅ መሬት ላይ ለብቻው ቆሞ አይቼዋለሁ።

መከለሉ ከቁፋሮው ይልቅ ከብዶን ነበር። ፍየል ያለው ሰው ጉብታ ሲከለከል ያብዳል። ስብሰባ ተቀመጥን፣ መተዳደሪያ ወጣ፤ ሣሩ እየታጨደ በድርሻ ይወሰዳል፣ ከብት ያስገባ ይቀጣል። የመጀመሪያዋ ተቀጪ በሌሊት ገብታ የተያዘች አንዲት ነጭ ፍየል ናት። የእኔ ነበረች። ቅጣቱን ሰው እያየ ከፈልኩ፤ ሚስቴ ለሳምንት ስትስቅብኝ ከረመች። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ሕጉን ያከበረው።

በአራተኛው ዓመት ከጉብታው ሥር፣ ልጅ ሆኜ እንኳን ደረቅ ከነበረ ስንጥቅ፣ ውኃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ምንጭ ልበለው? ጥር ላይ ይነጥፋል። ቢሆንም እስከ ጥር ሴቶቹ ወንዝ አይወርዱም።

ማሳዬ ላይ የቀረውን ሥራ አብዛኛውን አባቴ ያውቀው ነበር። ሽልሻሎ ለምሳሌ፤ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በመሐሉ ማረሻ ማሳለፍ። አረሙም ይነቀላል፣ ትልሙም ውኃ ይይዛል። እኔ የጨመርኩት ትልሙን በየመሐሉ በዶማ መገደብ ብቻ ነው። ፍግ ከምድጃ ወደ ማሳ ለማዞር ግን አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ኩበት ካልነደደ ምን ይነድዳል? ጉብታው ማገዶ መስጠት ሲጀምር ነው የቻልኩት። አፈሩ ሲጠግብ አቀንጭራ የሚባለው አረምም ቀነሰ፤ አቀንጭራ የድሃ መሬት ጠላት ነው። ዘሩም ተለወጠ። በልግ ከቀረ ሐምሌ ላይ የሚዘሩ ቶሎ ደራሽና አቀንጭራ የሚቋቋሙ ሁለት ማሽላዎች መጡልን፦ አንዱ ጎብዬ፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦ ሲመጣ ባለችው ከተማ ስም፤ ሌላው አብሽር። አብሽር ለቅሶ ቤትም፣ ሆስፒታልም የምንባባለው ቃል ነው። ስም ያወጣው ሰው ወሎን ያውቃል። አገዳቸው አጭር በመሆኑ ግን ከብቱም ቤት ክዳኑም ይጎዳል፤ ስለዚህ የአባቴን ዘር ጨርሼ አልጣልኩትም።

ከዚያ 2007 መጣ። ኤልኒኖ ይሉታል። በልጉ ቀረ፤ ሐምሌም ባዶውን አለቀ። ልክ እንደ 1976። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሰማዩን ስታይ ምንም አትልም፣ ግን ማታ ማታ ቁራሽ እንጀራ ከትራሷ ሥር ስትደብቅ ሚስቴ አየቻት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላደረገችው ነገር ነው። ዝናቡ ነሐሴ ላይ አራት ጊዜ ያህል መጣ፤ ሁለቱ ያው የድሮው ዓይነት፣ በረዶ የቀላቀለ፣ አውርዶ የሚሄድ። ሁለተኛው ሲያባራ ወደ ቦረቦሩ ሮጥኩ። የሚያጓራ ነገር አልነበረም። ከክትሮቹ ላይ ቀጭን ውኃ፣ ጠርቶ ማለት ይቻላል፣ ይወርዳል። ቦዮቹ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተው ሰማይ ይታይባቸው ነበር። ተንበረከክሁ።

ተአምር ሆነ ብዬ አልዋሽም። ከተረፈኝ ማሳ፣ ከአንድ ጥማድ ጥቂት ከፍ ከሚል መሬት፣ ሁለት ኩንታል ተኩል ማሽላ አገኘሁ፤ ከላይኛው ሰፈር እርከን የሌለው ወንድሜ አንድም አላገኘም። ሁለት ኩንታል ተኩል ስድስት ሰው እስከ የካቲት አያደርስም። በ2008 እኔም እርዳታ ተሰልፌ ስንዴ ወስጃለሁ። አገዳው ግን ሁለቱን በሬዎቼን አሻገረልኝ፤ አልተሸጡም። ከቤቴም በሩን በሽቦ አስሮ የወጣ ሰው የለም። እናቴ የሞተችው በ2010 በአልጋዋ ላይ ነው።

ቦረቦሩ አሁንም አለ። ሆዱ ውስጥ ደለል ሞልቶ ሣርና ሰስፓኒያ በቅሎበታል፤ ከደጄ ስረግጥ ዛሬም 22 እርምጃ ነው። ሜዳ ያለው የአጎቴ ልጅ «አፈር መላክ አቆማችሁ» እያለ ይቀልድብኛል።

ዘንድሮ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ስወርድ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ቀድማኝ ማሳው ውስጥ ተንበርክካለች፤ ቀሚሷ ሁሉ ጭቃ ነው።

«አባ! ክርኔ ድረስ ገባ!»

ክንዷ አጭር ነው። አጠገቧ ተንበርክኬ የእኔን ሰደድኩ። ከክርኔ ሁለት ጣት ጎደለ።

«አንድ ዝናብ እንጠብቅ» አልኳት።